አራት ኪሎ ተኩል የሚባለው ቁጥር

አራት ኪሎ ስል ሰፈሩን ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ረጃጅም የእግር ጉዞ የሚያደርጉ ሰዎች «አልትራላይት» ለመባል የሚያስፈልጋቸው የሸክም ልክ ነው፤ 10 ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን 4.5 ኪሎ ገደማ። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ፍራሹ፣ ምድጃው፣ ቦርሳው ራሱ ተደምሮ ከዚህ በታች መሆን አለበት። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ግን አይቆጠሩም። የለበሱትም አይቆጠርም። ስለዚህ ቢላውንና ባትሪውን ከቦርሳው አውጥቶ ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው በወረቀት ላይ «ቀለለ» ማለት ነው። እግሩ ግን ይህን አያውቅም።

መነሻው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 የ67 ዓመቷ ኤማ ጌትውድ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን የጨረሱት ሸራ ጫማ አድርገው፣ ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ነው። ለዝናብ የያዙት የሻወር መጋረጃ ነበር። በ1992 ደግሞ ሬይ ጃርዲን የተባለ የኤሮስፔስ መሐንዲስ በጻፈው የመንገደኞች መመሪያ ከድንኳን ይልቅ ሸራ መወጠርን፣ ከቡት ይልቅ የሩጫ ጫማን፣ ዕቃን ከመግዛት ይልቅ በእጅ መስፋትን አስፋፋ። የሁለቱም መንገድ ርካሽ ነበር፤ የማያስፈልገውን ቤት መተው።

ፊዚክሱም ይደግፋቸዋል። የጫማውን ነገር እንውሰድ፤ እግር ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ ከተጨመረ አንድ ኪሎ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ኃይል እንደሚበላ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተለክቷል። ለጀርባ ሸክም ደግሞ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች በ1977 ያወጡት የፓንዶልፍ ቀመር አለ። እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 10 በመቶ ዳገት ባለው የአፈር መንገድ፣ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። ሸክሙን ከ20 ወደ 10 ኪሎ ቢያወርድ ሰውነቱ የሚያወጣው ኃይል ከ615 ወደ 548 ዋት ይወርዳል፤ 11 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀላል አይደለም። ከ5 ወደ 4.5 ኪሎ ቢያወርድስ? 3 ዋት እንኳን አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀመሩ «ከዚህ በኋላ መቅለል አይጠቅምም» አይልም፤ አንድ ኪሎ የትም ቦታ ቢቀነስ ጥቅሙ ያው ተቀራራቢ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ላይ የሚታጠፈው የዋጋው መስመር ነው። የመጀመሪያው አሥር ኪሎ በአብዛኛው በነፃ ይወርዳል። የመጨረሻዋ ግማሽ ኪሎ ግን የደመወዝ ጥያቄ ናት፤ ያውም ሁለት ሊትር ውሃ ሲሞላ ሁለት ኪሎ ተመልሶ ይመጣል።

ያቺን ግማሽ ኪሎ ከሚሸጡልን ነገሮች ዋነኛው ዳይኒማ የሚባለው ጨርቅ ነው፤ ድሮ ኩበን ፋይበር ይሉት ነበር፣ የተሠራውም ለውድድር ጀልባ ሸራ ነው። በክብደቱ ልክ ከብረት የሚጠነክሩ ክሮች በሁለት ስስ የፖሊስተር ፊልሞች መሃል ይጣበቃሉ። ውሃ አይጠጣም፣ አይለጠጥም፤ ለድንኳን ግሩም ነው። ግን ሲጎተት ጠንካራ የሆነ ነገር ሁሉ ሲፋቅ ወይም ሲወጋ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። በስስነቱ ሾህና ድንጋይ ላይ ይሸነፋል። አሁን ብዙ ሠሪዎች ሲሊኮን ወደተቀባ ፖሊስተር መዞራቸው ደስ ይለኛል፤ እንደ ናይለን ሌሊት ውሃ ጠጥቶ አይረግብም፣ ዋጋውም ሰውን አያስደነግጥም።

እውነተኛውን እድገት አሳዩኝ ካላችሁ ግን የማሳያችሁ ፍራሹን ነው። ምድር ሙቀትን ከጀርባ እንዳትሰርቅ ፍራሽ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚነግረውን አር-ቫልዩ ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ በመሰለው መንገድ ይለካ ነበር። በ2018 የጋራ የመለኪያ ደረጃ ወጣ፣ ከ2020 ጀምሮ ሠሪዎቹ በሰፊው ተቀበሉት። አሁን የሁለት ፋብሪካ ፍራሾችን ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል፤ ሁለቱን ቢደርቧቸው እንኳ ቁጥሩ ይደመራል። ቁጥር ማለት እንዲህ ነው። የ4.5 ኪሎዋ ልክ ግን ቅዝቃዜን አታውቅም፤ ለበረሃም ለበረዶም ያው ናት፣ ከላብራቶሪም አልመጣችም።

ለእኛ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጓዙን የሚሸከመው በአብዛኛው በቅሎ ነው፤ ስለዚህ ግራም መቁጠር እዚያ ትንሽ ያስቃል። ሌሊቱ ግን አያስቅም፤ በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሣሩም ውርጭ ለብሶ ያነጋል። ጋቢ ደግሞ፣ ብርድ ልብስም ካፖርትም ትራስም የሚሆነው፣ በእነሱ ዝርዝር ቢገባ «ከባድ» ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዝ ዕቃ ነበር።

በቅርቡ ወደዚያ የሚሄድ አንድ ጓደኛዬ የዕቃውን ዝርዝር በኤክሴል ሠርቶ ላከልኝ። የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር በግራም ተመዝግቧል። የፍራሹ አር-ቫልዩ ግን የትም የለም። ፈልጌ ሳየው 1.3 ነው፤ ለሞቃት የበጋ ሌሊት የሚሆን። «ከ4 በላይ የሆነ ያዝ፣ 200 ግራም ብትጨምር በቅሎዋ አትቀየምህም» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።