ስለ ድል ታሪክ አጻጻፍ

የስፖርተኞችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በብዛት የሚከተሉት አንድ መንገድ አለ፤ ይኸውም በሽታውን በመጀመሪያው ምዕራፍ፥ ድሉን በመጨረሻው አኑረው፥ በመካከል ያለውን ዘመን «በቆራጥነቷ አሸነፈች» ብለው ማለፍ ነው። ይህ አጻጻፍ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እውነትን ያጎድላል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው የዊልማ ሩዶልፍን ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 በአሜሪካ በቴነሲ ተወልዳ፥ ገና በሕፃንነቷ የልጅነት ልምሻ ይዟት ግራ እግሯ ስለ ሰለለ፥ ለዓመታት በብረት ድጋፍ ትሄድ ነበር። ይህችው ልጅ በ1960 በሮማ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር፥ በ200 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ስለ ሆነ፥ ስሟ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የሕይወት ታሪኳን በ1977 በመጽሐፍ አሳትማለች። ሕይወቷን በጥንቃቄ ለተመለከተ ግን ድሉ የአንዲት ልጅ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የሰው ቤት ሠራተኛ የነበሩት እናቷ፥ በከተማቸው ለጥቁሮች በቂ ሕክምና ስላልነበረ፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ናሽቪል በየሳምንቱ በአውቶቡስ ይወስዷት ነበር። ለአባቷ ከ22 ልጆች 20ኛዋ ስትሆን፥ በቤት ያሉት ወንድሞቿና እኅቶቿ በየቀኑ በየተራ እግሯን ያሹላት ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው ብሂላችን የተፈጸመው በዚህ ቤት ነው።

ቆራጥነት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። እርሷም ከሮማ ስትመለስ፥ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚቆምበት የአቀባበል ሰልፍ አልገኝም ብላ የትውልድ ከተማዋን ልማድ ያስለወጠች ናት። ነገር ግን ልምሻ የሚያጠፋው ጡንቻን የሚያዝዙትን የአከርካሪ ነርቮች ነው፤ የሞተም ነርቭ በፈቃድ አይነሣም። እንደ እርሷ ቆርጠው ሳሉ ድጋፉን ማውለቅ ያልቻሉ ብዙ ሕፃናት አሉ። «የፈለገ ይድናል» የሚል ታሪክ እነዚህን ሕፃናት ያለ ጥፋታቸው ይወቅሳል።

ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን ድልን ሲተርኩ የእናትን መንገድ፥ የወንድምና የእኅትን እጅ፥ የሐኪምንም ድካም አይዝለሉ። መምህራንም ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ «ምን ያህል ፈለገች?» ከማለት ይልቅ «እነማን ረዷት?» ብለው ይጠይቁ።