ስለ «አኪራ» ፊልምና ስለ ተመልካቾቹ ፍርድ

አንድን ሥራ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፍርድ የሥራውን ብቻ ሳይሆን የፈራጁንም ጠባይ ይገልጣል። ወደ አንድ አዲስ ቤት ከገቡት እንግዶች አንዱ የመስኮቱን ስፋት፣ ሁለተኛው የማድ ቤቱን መልካምነት፣ ሦስተኛው የግድግዳውን መሰንጠቅ እያወራ ይወጣል፤ ቤቱን የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደ ሠራው ግን ከሦስቱ አንዱም ሳይጠይቅ ይቀራል። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ «አኪራ» የተባለው የጃፓን ፊልም፣ ይልቁንም ተመልካቾች ስለዚህ ፊልም የሚሰጡት ልዩ ልዩ ፍርድ ነው።

ፊልሙ ተዋንያን በካሜራ ፊት የተጫወቱት ሳይሆን በእጅ እየተሣለ የተሠራ ነው። ሠሪው በ1954 የተወለደው ሠዓሊና ደራሲ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ኦቶሞ ታሪኩን ከ1982 ጀምሮ በመጽሔት ላይ በተከታታይ በሥዕል ያወጣው ነበር፤ ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንጋ ይሉታል። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በ1988 ጁላይ 16 ቀን ነው፤ በፊልሙ መክፈቻ ላይ የቶክዮ ከተማ የምትጠፋውም በዚያው ቀን ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቶክዮ ድምፅ በሌለው ነጭ ብርሃን ተውጣ ትጠፋለች፤ የዓለም ጦርነትም ይነሣል። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ኒዮ ቶክዮ የምትባል አዲስ ከተማ ተሠርታ እናያለን። ሕንጻዎቿ ሰማይ ይነካሉ፤ መብራቷም ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። ከሥር ግን ግብር ያስመረረው ሕዝብ ከፖሊስ ጋራ ይጋጫል፤ የመንግሥቱ አማካሪዎች እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ፤ ወላጅ የሌላቸው ልጆችም ሞተር ብስክሌት እየጋለቡ ሲደባደቡ ያድራሉ። ከነዚህ ልጆች መካከል አለቃ ሆኖ የሚመራቸው ካኔዳና ከልጅነት ጀምሮ በእርሱ ጥላ ሥር ያደገው ቴትሱዎ ይገኛሉ። ቴትሱዎ አንድ ሌሊት አደጋ ደርሶበት በወታደሮች እጅ ይወድቃል፤ መርማሪዎቹም በአእምሮው ውስጥ የተኛ ታላቅ ኀይል ያገኛሉ። ኀይሉ ሲነቃ ቴትሱዎ በሐሳቡ ብቻ ግድግዳ ያፈርሳል፤ ሰው ይገድላል፤ በመጨረሻም ያ ኀይል ባለቤቱን ራሱን ይበላዋል።

ከተመልካቾቹ አንደኞቹ ሥዕሉን ብቻ የሚያመሰግኑ ናቸው። ምስጋናቸው እውነት ነው። ለዚህ የ124 ደቂቃ ፊልም ከ160,000 የሚበልጡ ሥዕሎች በስስ ላስቲክ ላይ ተሥለዋል። በጃፓን የተለመደው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ድምፅ መጨመር ሲሆን፣ በዚህ ፊልም ግን የንግግሩ ድምፅ አስቀድሞ ተቀድቶ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ለድምፁ እንዲስማማ ሆኖ ተሥሏል። ዜማውንም ጌይኖ ያማሺሮጉሚ የተባለው ማኅበር የኢንዶኔዥያን የነሐስ መሣሪያዎችና የጃፓንን የጥንት ቲያትር አዜማመር አዋሕዶ አዘጋጅቶታል። ይሁን እንጂ ብልኀቱን አድንቆ የብልኀቱን ዓላማ አለመጠየቅ ግማሽ ማየት ነው። ሞተር ብስክሌቶቹ በሌሊት ሲያልፉ የኋላ መብራታቸው በአየር ላይ ቀይ መሥመር ጥሎ ወዲያው ይጠፋል። ይህ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ልጆቹ ወዴትም እየሄዱ አይደለም። ሠዓሊውም ከተማይቱን መስኮት በመስኮት እየሣለ ያሳመራት ስትፈርስ እንድናዝንላት ይመስለኛል።

ሁለተኞቹ ታሪኩ የተወሳሰበ ነው ብለው ይነቅፋሉ። በዚህ በኩል የተመልካቾቹ ነቀፋ ፍትሕ አለው። ፊልሙ የተሠራው ማንጋው ገና ሳይፈጸም ነው፤ ማንጋው የተፈጸመው በ1990 ሲሆን ከ2,000 ገጽ በላይ ያለው፣ በስድስት መጽሐፍ የታተመ ረጅም ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስገባት የማይቻል በመሆኑ አንዳንዶቹ ሰዎች ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ ቴትሱዎን የምትወደው ካኦሪ እንኳ ከሥቃይዋ በቀር ሌላ ሕይወት አልተሰጣትም። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ይህን ጒድለት ጥልቀት ነው እያሉ ሊሸፍኑት አይገባም። የሚወዱትን ሥራ ጒድለት የማይቀበል ሰው ሥራውን አይወድም፤ የሚወደው የራሱን ምርጫ ነው።

ሦስተኞቹ ፊልሙ የደምና የጭካኔ ትምህርት ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ፊልሙ ለሕፃናት የተሠራ አይደለምና የተሣለ ስለ ሆነ ብቻ በልጆች ፊት የሚያቀርበው ወላጅ ይሳሳታል። ነገር ግን ክፋትን በማሳየትና ክፋትን በማስወደድ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። በብዙ ፊልሞች ጀግናው መቶ ሰው ገድሎ እየሣቀ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኛም አብረነው እንሥቃለን። በዚህ ፊልም ግን የቴትሱዎ እያንዳንዱ ግድያ እርሱን ራሱን ያሳንሰዋል። የገዛ ጓደኛውን ያማጋታን ከገደለ በኋላ ሊመለስበት የሚችል ቤት የለውም። ደም ያየ ሁሉ ደም አይማርም፤ ደም ያለ ዋጋ ሲፈስ ያየ ግን ይማራል።

አራተኞቹ በጣም ብዙ ናቸው፤ እነርሱም ፊልሙ ትንቢት ነው የሚሉት ናቸው። ታሪኩ በ2020 በኒዮ ቶክዮ የኦሊምፒክ ጨዋታ እንደሚደረግ ይናገራል። እውነተኛይቱ ቶክዮም በ2013 የ2020ን ጨዋታ እንድታዘጋጅ ተመረጠች፤ በወረርሽኙም ምክንያት ጨዋታው ወደ 2021 ተላለፈ። ይህ ግጥምጥሞሽ ያስገርማል። ነገር ግን የአንድን ሥራ ታላቅነት ባጋጣሚ በተስማማ ዘመን መለካት ደራሲውን ጠንቋይ ማድረግ ነው። እኔ እንደማየው ኦቶሞ ይመለከት የነበረው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው። በኦገስት 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ተቃጠሉ፤ በ19 ዓመት ውስጥ፣ በ1964፣ ቶክዮ ተሠርታና አምራ የኦሊምፒክ እንግዶችን ተቀበለች፤ በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት የጃፓን ተማሪዎች በአደባባይ ከፖሊስ ጋራ ይጋጩ ነበር። በፊልሙ ውስጥም ይህ ሁሉ አለ። አኪራ የተባለው ልጅ ከተማይቱን ያጠፋ ኀይል ባለቤት ነበር፤ ሊረዱት ያልቻሉት ሊቃውንት ሰውነቱን ቈራርጠው በጠርሙስ አስቀምጠው በጥልቅ ጒድጓድ ቀበሩት። በዚያ ላይ አሁን የሚሠራው የኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። ያልተመረመረ በደል፣ በላዩ ጨዋታ ቢጫወቱበትም፣ ከሥር ይቈያል። ይህን ለመናገር ትንቢት አያስፈልግም፤ ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ወደ ነገሩ ሥር እንሂድ። ተመልካቾች ከሁሉ ይልቅ የሚከራከሩት ቴትሱዎ ክፉ ነው ወይስ የተበደለ ነው በሚለው ነው። የሚያዝኑለት ሰዎች ጥፋቱን ይረሳሉ፤ የሚጠሉት ሰዎች ልጅነቱን ይረሳሉ። ፊልሙ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ እንድንይዝ ያስገድደናል።

ገና ከመጀመሪያው ቴትሱዎ በካኔዳ ቀይ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ካኔዳም ይህ ለአንተ የሚሆን አይደለም፤ ከፈለግህ የራስህን ፈልግ በሚል መንፈስ ያሾፍበታል። ነገሩ የጓደኛ ቀልድ ነው። ኋላም ቴትሱዎ በጠላቶቹ እጅ ሲደበደብ ካኔዳ ደርሶ ያድነዋል፤ ቴትሱዎ ግን በማመስገን ፈንታ ይቈጣል፤ ሁልጊዜ የሚድን እርሱ፣ ሁልጊዜ የሚያድን ያ በመሆኑ ልቡ ቈስሏል። ብዙዎች በዚህ ስፍራ «ምን ያለ ምስጋና ቢስ ነው!» ይላሉ። ምስጋና ቢስነቱ ግን ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ካኔዳ ጓደኛውን ይወዳል፤ ነገር ግን እኩያው አድርጎ አያየውም። ረጂ የተረጂውን ክብር ካልጠበቀለት፣ የሰጠው እንጀራ እንኳ በሆድ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ኀይል በእጁ ሲገባ ቴትሱዎ አስቀድሞ የፈለገው ወርቅ ወይም መንግሥት ሳይሆን ከካኔዳ በላይ መሆን ነው። የቅናት ጠባይ እንዲህ ነው፤ ዓለምን ሁሉ ብትሰጠው ዐይኑ ከአንድ ሰው ላይ አይነሣም።

ይህ ግን ቴትሱዎን ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም። በፊልሙ ውስጥ ኬይ የምትባለው ልጅ፣ ከካኔዳ ጋራ ታስራ ሳለች፣ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ትናገራለች። ሰው ቤትና ድልድይ የሚሠራበት ዕውቀትና ኀይል ከወዴት መጣ ብላ ትጠይቅና፣ አሜባ የተባለችው በዐይን የማትታይ ሕይወት ያላት ፍጥረት የሰው ያህል ኀይል ብታገኝ ምን ታደርግ ነበር? ትላለች። ቤት ወይም ድልድይ አትሠራም፤ በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ትበላለች እንጂ። የፊልሙ ልብ ይህ ነው። ቴትሱዎ ቀይ ጨርቅ እንደ ካባ አጥልቆ እንደ ንጉሥ ቢቀመጥም፣ ኀይሉ አንዳች ነገር ሲሠራ አላየንም። መጨረሻውም ይኸው ሆነ። ሰውነቱ ያለ ልክ እያበጠ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ዋጠ፤ የምትወደውን ካኦሪንም ሳይፈልግ በገዛ ሥጋው ውስጥ አፍኖ ገደላት። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የሚለው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ሥዕል ያገኘ አይመስለኝም።

ካኔዳ የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ደግሞ ነገሩን ያጐላዋል። በ1956 የተጀመረ «ቴትሱጂን 28» የሚባል የሚትሱቴሩ ዮኮያማ ማንጋ ነበር። በእርሱም ካኔዳ ሾታሮ የተባለ ልጅ፣ የጃፓን ጦር ለጦርነት ያሰበውን ታላቅ የብረት ሰው በእጁ በያዘው መቈጣጠሪያ ያዛል። መቈጣጠሪያውን ደግ ሰው ቢይዘው ብረቱ ደግ ይሠራል፤ ክፉ ቢይዘው ክፉ ይሠራል። ኦቶሞ ይህን ስም ወስዶ፣ አኪራንም 28ኛ ቍጥር ብሎ፣ መቈጣጠሪያውን ግን አስቀረው። የቴትሱዎ ኀይል በራሱ ውስጥ ነው፤ ከጠባዩ በቀር የሚያዘው ነገር የለም። ጠባዩን ደግሞ ማንም አላሳደገለትም።

የትልልቆቹ ሰዎች ወንጀል የሚታየው በዚህ ነው። በመንግሥቱ ቤት ፊታቸው እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ ሦስት ልጆች አሉ፤ ስም እያላቸው በመዳፋቸው 25፣ 26፣ 27 የሚል ቍጥር ተጽፎባቸዋል። የምርምሩ ሊቅ ቴትሱዎን ሲመለከት የሚያየው ልጅ ሳይሆን መለኪያው ላይ የሚያድገውን አኃዝ ነው። አማካሪዎቹ ስለ ወጪ ይከራከራሉ፤ ኮሎኔሉ ከተማይቱን ለማዳን ያስባል፤ አዳኝ እንዲመጣለት የሚጸልየው ሕዝብም ቴትሱዎን አኪራ ነው ብሎ ተከትሎ በድልድይ ላይ ያልቃል። ሁሉም ስለ ኀይሉ ጠየቁ፤ ይህ ልጅ ማን ነው፣ ምን አጥቶ አደገ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቀው ካኔዳ ብቻ ነው፤ እርሱም የጠየቀው በመጨረሻ ነው። ሊገድለው መሣሪያ ይዞ መጥቶ ሳለ፣ ቴትሱዎ በጭንቅ ስሙን ሲጠራ ወደ ብርሃኑ ውስጥ ሮጦ ገባ። በዚያም ቴትሱዎ ትንሽ ልጅ ሳለ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት የመጣበትንና ሁለቱ የተዋወቁበትን ቀን አየ። ጓደኛውን በእውነት ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ከተማይቱ ግን ፈርሳ ነበር።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ! ይህን ፊልም ብታይ ሥዕሉን አድንቅ፤ ጒድለቱንም ሳትፈራ ተናገር። ነገር ግን ፍርድህን ከመስጠትህ በፊት ራስህን ሁለት ነገር ጠይቅ። በእጄ ያለው ኀይል፣ ዕውቀት ቢሆን ወይም ገንዘብ፣ አንደበት ቢሆን ወይም መሣሪያ፣ ድልድይ ይሠራል ወይስ በዙሪያው ያለውን ይበላል? ሁለተኛም፣ ከእኔ የሚያንሰውን ጓደኛዬን ስረዳው ቀና ይላል ወይስ አንገቱን ይደፋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜ ይኖርህ ይሆናል፤ ኀይል ለብዙ ሰው ቀስ ብሎ ይመጣልና። ለሁለተኛው ግን ጊዜ የለህም። ጓደኛህ ዛሬ አጠገብህ ተቀምጧል።