የምንሸመድዳት ሠንጠረዥ የማትነግረን ነገር

የመካኒክስ መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ እስቲ ስለ መሽከርከር የሚያወራውን ምዕራፍ ግለጡት። ብዙ ገጽ ሳትሄዱ ሁለት ዓምድ ያላት ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። በግራ በኩል የቀጥታ እንቅስቃሴ ቃላት ተደርድረዋል፦ ርቀት፣ ፍጥነት፣ አክስለሬሽን፣ መጠነ ቁስ፣ ኃይል፣ ሞመንተም። በቀኝ በኩል ደግሞ የማዕዘናዊ እንቅስቃሴ አቻዎቻቸው አሉ፦ ማዕዘን፣ ማዕዘናዊ ፍጥነት፣ ማዕዘናዊ አክስለሬሽን፣ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ፣ ቶርክ፣ ማዕዘናዊ ሞመንተም። መልእክቷ አጭር ነው፦ ግራውን ካወቃችሁ ቀኙንም አውቃችኋል፤ ፊደሉን ብቻ ቀይሩ።

ይህ ጽሑፍ ትችት ነው። የምንተቸው ግን አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን ደራሲ ሳይሆን ይቺን ሠንጠረዥ ነው። ምህንድስና የሚማር ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ሸምድዷት ፈተና ይገባል። ታዲያ የምትናገረው እውነት ነው? መልሳችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ እውነት ነው፤ ግን የምታደርሰን እስከ መንገዱ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷን ደግሞ አትነግረንም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚገባትን ክብር

ሠንጠረዧ ብዙ ድካም ትቀንሳለች። በር ስትከፍቱ ከማጠፊያው ራቅ ብላችሁ ነው የምትገፉት፤ ማጠፊያው አጠገብ ብትገፉ ያንኑ በር ለመክፈት ብዙ ኃይል ይጠይቃችኋል። ምክንያቱም በሩን የሚያዞረው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ኃይሉ ከዛቢያው ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ቶርክ ነው። ቀጥታ የሚሄድን ዕቃ ኃይል እንደሚያፈጥነው፣ የሚዞርን ዕቃ ደግሞ ቶርክ ያፈጥነዋል። ይሄ ንጽጽር ትክክል ነው።

ብስክሌትም ውሰዱ። የጎማው ሬዲየስ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ እናንተም በሰከንድ 5 ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። 5ን ለ0.35 ስታካፍሉ የጎማው ማዕዘናዊ ፍጥነት በሰከንድ 14.3 ራዲያን ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን ስለሆነ ጎማችሁ በየሰከንዱ ከሁለት ዙር ትንሽ አለፍ ይላል ማለት ነው። ሁለቱን ዓምዶች የሚያገናኛቸው ድልድይ ሬዲየሱ ነው። ድልድዩ የሚሠራው ግን በራዲያን ስትለኩ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ካባዛችሁ መልሱ ይበላሻል።

ስለዚህ ዛቢያው ቦታውን የማይለቅ ከሆነ፣ ማለትም በር፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ የሞተር ዘንግ ወይም የአየር ማራገቢያ ከሆነ፣ ሠንጠረዧን እመኑ። እዚያ ቤቷ ነው።

አንደኛው እንከን፦ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ግድግዳ

ሠንጠረዧ በሁለቱ ዓምዶች መካከል መስመር ታሰምራለች። ተማሪውም ይሄን መስመር እንደ ግድግዳ ያየዋል፦ ጥያቄው ወይ የግራ ነው፣ ወይ የቀኝ። በዓለማችን ያሉ ዕቃዎች ግን ይሄን ግድግዳ አያውቁትም።

በ1638 ላይደን ከተማ በታተመው ታላቅ መጽሐፉ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ስለ አንድ ሙከራ ይተርካል። የነሐስ ኳስን በተንጋደደ እንጨት ላይ በተቦረቦረ ቦይ ቁልቁል ይለቅቃል፤ ጊዜውን ከዕቃ በቀጭኑ በሚፈስ ውኃ ይለካል። ኳሱ የሚሄደው ርቀት በጊዜው ስኩዌር ልክ እንደሚያድግ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ግኝቱ ትክክል ነው፣ ዛሬም የምንማረው እሱን ነው።

ልብ በሉ ግን፤ የጋሊሌዮ ኳስ አይንሸራተትም፣ ይንከባለላል። ሲወርድ ከሚያገኘው ኢነርጂ የተወሰነው ወደ ፊት ለመሄድ፣ የተወሰነው ደግሞ ለመሽከርከር ይውላል። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሳያንሸራትት የሚንከባለል ድፍን ኳስ ከጠቅላላው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 2/7ኛውን የሚይዘው በመሽከርከር ነው። በዚህም የተነሳ አክስለሬሽኑ ያለ ሰበቃ ከሚንሸራተት ዕቃ 5/7ኛ ብቻ ነው። አንድ ሰው መሽከርከሩን ረስቶ ከዚህ ኳስ የመሬት ስበትን አክስለሬሽን ላስላ ቢል በ9.8 ፈንታ 7.0 ያገኛል። ትልቅ ስህተት ነው! የርቀቱና የጊዜው ዝምድና ግን አይነካም፤ 5/7 ከላይ እስከ ታች የማይለወጥ ቁጥር ስለሆነ። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የሚለውን ስም ሊዮንሃርድ ኦይለር በመጽሐፉ ያወጣው በ1765 ነው፤ ጋሊሌዮ ከጻፈ ከ127 ዓመት በኋላ።

እስቲ ቤት ውስጥ ሞክሩት። አንድ ብይና አንድ አምባር ውሰዱ፤ ጣውላ በመጽሐፍ አዘንብሉና ሁለቱን እኩል ልቀቁ። ብዩ ይቀድማል። አምባሩ ቁሱ ሁሉ ከዛቢያው ርቆ ጠርዙ ላይ ስላለ ግማሹን ኢነርጂ ለመሽከርከር ይከፍላል፤ አክስለሬሽኑም የሚንሸራተተው ዕቃ ግማሽ ገደማ ነው። የሚገርመው ደግሞ የክብደታቸውም ሆነ የመጠናቸው ልዩነት ውጤቱን አይቀይረውም፤ የሚወስነው ቅርጻቸው ነው። ይሄን ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ በአንድ ዓምድ ብቻ ማወቅ አትችሉም። ሁለቱም ባንድ ላይ ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው እንከን፦ ማዕዘን እንደ ርቀት አይደመርም

የሠንጠረዧ የመጀመሪያ ረድፍ ርቀትንና ማዕዘንን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ንጹሕ ይመስላል አይደል? 3 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 4 ሜትር ወደ ሰሜን ሂዱ። አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ሰሜን፣ ከዚያ ምሥራቅ። የምትደርሱት እዚያው ቦታ ነው።

አሁን ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ስክሪኑ ወደ ጣሪያ፣ አናቱ ከእናንተ ራቅ ብሎ ይሁን። ሁለት እንቅስቃሴዎች አሉን። አንደኛው፦ እንደተኛ በ90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ማዞር። ሁለተኛው፦ ከእናንተ የራቀውን ጎን አንስቶ በ90 ዲግሪ ማቆም፣ ከላይ የነበረው ፊት ወደ እናንተ እስኪያይ። አንደኛውን አስቀድማችሁ ሁለተኛውን አስከትሉ፦ ስልኩ በረጅሙ ጎኑ ይቆማል፣ ስክሪኑ እናንተን ያያል። አሁን ወደ መነሻው መልሱትና ሁለተኛውን አስቀድሙ፤ ከዚያ የቆመውን ስልክ በመጀመሪያው አቅጣጫ አዙሩት። ስልኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ስክሪኑ ግን ወደ ግራችሁ ያያል። እነዚያው ሁለት መዞሮች፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች!

ይሄ ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ድሮን የሚያበር ፕሮግራም ወይም የሮቦት ክንድ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የመዞሮቹን ቅደም ተከተል ካዛባ ክንዱ ሌላ ቦታ ሄዶ ያርፋል። ሠንጠረዧ ግን ማዕዘንን ከርቀት ጋር አስቀምጣ፣ «እንደ ርቀቱ ደምሩት» ያለች ታስመስላለች።

ሦስተኛው እንከን፦ መጠነ ቁስ አንድ ነው፣ አቻው ግን ብዙ

ትልቁ እንከን ይሄኛው ነው። በሠንጠረዧ ላይ የመጠነ ቁስ አቻ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ነው። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። ጥጥ የሚፈተልበትን እንዝርት አስታውሱ፤ ቀጭኑ ዘንግ ላይ የተሰካችው ክብ ነገር ባትኖር እንዝርቱ ቶሎ ይቆም ነበር። ቁስን ከዛቢያው ማራቅ መሽከርከሩን ያጸናዋል። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት የዚያ ቁስ ድርሻ አራት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን መንገዱ ይለያያል። የአንድ ዕቃ መጠነ ቁስ ወደየትም አቅጣጫ ብትገፉት ያው ነው። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያው ግን በየትኛው ዛቢያ ዙሪያ እንደምታዞሩት ይለያያል። እርሳስን በጣቶቻችሁ መካከል እንደ እንዝርት ማሾር ቀላል ነው፤ መሐሉን ይዞ እንደ ማራገቢያ ማዞር ግን ይከብዳል። እርሳሱ ያው እርሳስ ነው።

ይሄ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳየ ታሪክ አለ። ኤክስፕሎረር 1 የተባለው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሳተላይት በ1958 እ.ኤ.አ. ወደ ምሕዋር ወጣ። ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እርሳስ የሚመስል ነበር። በረጅሙ ዛቢያው ዙሪያ እንዲሾር ታስቦ ተላከ፤ የሚሾር ዕቃ አቅጣጫውን ይጠብቃልና። ብዙም ሳይቆይ ግን መሾሩን ትቶ እንደ ማራገቢያ ክንፍ ይገለባበጥ ጀመር።

ማን ገፋው? ማንም። ከጎኑ የወጡት ተጣጣፊ የሽቦ አንቴናዎች ሳተላይቱ ሲዞር ይወዛወዙ ነበር፤ ውዝዋዜው ጥቂት በጥቂት የመዞር ኢነርጂን ወደ ሙቀት ለወጠው። ኢነርጂው ቀነሰ፣ ማዕዘናዊ ሞመንተሙ ግን ከውጭ የሚያዞር ቶርክ ስለሌለ ባለበት ጸና። ለአንድ ዓይነት ማዕዘናዊ ሞመንተም ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያው በትልቅ ቁጥር ዛቢያ ላይ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ያንሳል። ሳተላይቱን ወጥ ሲሊንደር ነው ብለን ብናሰላ፣ በመገለባበጡ ያለው ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ከመሾሩ ወደ 100 እጥፍ ይበልጣል። ኢነርጂ እያነሰው የሚሄድ ዕቃ ደግሞ የሚያበቃው ትንሹን ኢነርጂ በሚጠይቀው መዞር ነው።

አሁን ወደ ግራው ዓምድ ተመለሱ። የአንድ ዕቃ ሞመንተም ካልተለወጠ፣ መጠነ ቁሱም ያው ከሆነ፣ የጉዞው ኢነርጂ የሚቀንስበት መንገድ የለም። ሌላ አማራጭ መጠነ ቁስ የለውማ! በቀኙ ዓምድ ግን አማራጭ አለ። ሳተላይቱ ያገኛትን ይቺን መውጫ በር ሠንጠረዧ አታሳይም። ኤክስፕሎረር 1 እየተገለባበጠም ቢሆን ሥራውን ሠርቷል፤ በመሬት ዙሪያ ያለው የጨረር ቀበቶ የተገኘው በሱ መሣሪያ ነው። መሐንዲሶች ግን ትምህርቱን አልረሱትም።

ታዲያ እንጣላት?

አንዳንድ አስተማሪ «ለጀማሪ ይሄን ሁሉ ማውራት ያደናግራል» ሊል ይችላል። እውነት አለው፤ ማቅለል የማስተማር ግማሹ ነው። እኛም ሠንጠረዧ ቀለለች አላልንም። ያልነው ወሰኗን አትናገርም ነው። ካርታ መንደራችሁን ብቻ ቢያሳይ ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ ከመንደሩ ወዲያ ዓለም የለም ብሎ ማስመሰሉ ነው።

ስለዚህ አንቀደዳትም። ሦስት መስመር ብቻ እንጨምርላት። በእርሳስ፣ ከሥሯ ጻፉ፦

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዛቢያው አቅጣጫውን ካልቀየረ ነው።

የሚንከባለል ዕቃ ሁለቱንም ዓምድ ይፈልጋል።

«ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በየትኛው ዛቢያ?» በሉ።

ሦስተኛዋን መስመር በተለይ አትርሷት። ፈተና ላይ ቀመሩን አስታውሶ ቁጥር መተካት ነጥብ ያስገኝ ይሆናል። ነገ የምትሠሩት ማሽን ግን ቀመሩን ሸምድዳችሁ እንደሆነ አይጠይቃችሁም፤ ቀመሩ የት ድረስ እንደሚሠራ ማወቅ አለማወቃችሁን በተግባር ያሳያችኋል።