መጽሐፉ ስለ ሻሸመኔ ምን ይላል?

እንግዳ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ከቦርሳው የጉዞ መጽሐፍ ሲያወጣ ካየሁ፣ «እስኪ አንዴ ልየው» ብዬ እቀበለዋለሁ። መንገዳችን ወደ ላሊበላ ይሁን ወደ ጎንደር፣ የምገልጠው ሻሸመኔን ነው። እዚያ ተወልጄ እዚያ ነው መሪ የጨበጥኩት። ስለ ሻሸመኔ የተጻፈውን ሳነብ እውነቱንም ውሸቱንም ለመለየት ማንንም አልጠይቅም። ስለማላውቀው አገር ጸሐፊው ምን ያህል እንደሚታመን የምመዝነው በዚያች ገጽ ነው።

ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገጽ ነው የሚደርሰን። መስቀለኛ መንገድ ነው፤ መናኸሪያው ይጮኻል፤ ኪስህን ጠብቅ፤ ጃማይካ ሰፈርን ተመልከት፤ ማደሪያ ከፈለግህ ግን ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላ ነበር። አጼ ኃይለ ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት 5 ጋሻ መሬት ይነሳል፤ ቦብ ማርሌይ በ1978 መምጣቱም ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ ድንች ሲጭኑ የሚያድሩት አይሱዙዎች ግን የሉም። በአንድ ገበያ ውስጥ በኦሮምኛ ጀምራ፣ በአማርኛ ተከራክራ፣ በሲዳምኛ ሒሳብ የምትቀበል ነጋዴም የለችም።

ከጊዜ በኋላ ግን ንዴቱ በረደልኝ። ሰውዬው አልዋሸም። መናኸሪያው ይጮኻል፤ ኪስም ይዳበሳል። የጻፈው ከአንዱ አውቶቡስ ወርዶ ሌላው እስኪሞላ ባየው ልክ ነው። ከሻሸመኔ አንዱ መንገድ በአርሲ ነገሌ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ በኮፈሌ ወደ ባሌ፣ አንዱ በሃላባ ወደ ሶዶ ይሄዳል። አራት መንገድ የሚገናኝበት ከተማ የሚያሳልፈው ከሚያሳድረው ይበልጣል፣ መጽሐፍ ጸሐፊም ከአላፊዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገጽ ስከፍት የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ጸሐፊው እዚህ አድሯል ወይስ አልፏል?

ይህ ዘዴ በጣም የጠቀመኝ ሰሜን ነው። የመጀመሪያውን የሰሜን ሥራ ስቀበል ከደብረ ብርሃን ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ፣ የራሱን አገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሹፌር ነበርኩ። እንግዶቼ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ጭናቸው ላይ መጽሐፍ ዘርግተው እያነበቡ፣ እኔ ደግሞ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው አንገቴን እየነቀነቅኩ፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አቋርጠን ደብረ ሲና ወረድን። መጽሐፉ ስለ ዋሻው መንገድ ጽፏል። ደብረ ሲና ላይ ሳይገዙ የማይታለፈውን ቆሎ ግን ዘሎታል። ወዲያው ገባኝ፤ እዚህ አልወረደም፣ በመስኮት ነው ያየው።

ወልዲያ ከደረስን በኋላ ሴትዮዋ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን መንገድ አነበቡልኝ። ርቀቱ ልክ ነበር። ሰዓቱ ግን ጭራሽ አልገጠመም፤ ኮረኮንቹ ላይ መጽሐፉ ካለው እጥፍ ፈጀብን። ርቀትና ከፍታ አያረጁም፣ የጉዞ ሰዓት ግን ክረምት በገባና ግሬደር ባለፈ ቁጥር ይቀየራል። ዋጋማ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ነው የሚያረጀው።

ላሊበላ ላይ ውስጥ የሚያስገባው የአካባቢው አስጎብኚ ነው፤ ሹፌር ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እኔ ግን ተከትዬ ገባሁ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን መሆናቸውን፣ መካከላቸው ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ ማለፉን፣ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ፈንጠር ብሎ መቆሙን ከመጽሐፉ ስለሰማሁ የት እንደቆምኩ አልጠፋኝም። በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ሴትዮዋ ሳቅ ብለው አንድ መስመር አሳዩኝ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ስላለ ካልሲህን አጥብቅ ይላል። አፍሬ መጽሐፉን ልከድነው ስል አስጎብኚው ቀድሞ አነበበው።

«ወንድምዓለም፣ ተወው» አለኝ። «ስለ ቁንጫው ከጻፈማ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ቆሟል ማለት ነው። እኔ የማላምነው ስለ ቁንጫ ያልጻፈውን ነው።»

እኔ በሻሸመኔ ገጽ ዓመታት የፈጀብኝን እሱ በአንድ ቁንጫ ጨረሰው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥቅም ግን የቦታዎቹ ገጽ ላይ አይደለም፤ ማንም የማያነበው መግቢያው ላይ ነው። አቆጣጠራችን፣ ሰዓታችን፣ ረቡዕና ዓርብ ጥብስ መጠየቅ ትርፉ ድካም መሆኑ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። አንዱ እንግዳ ሻሸመኔ አድሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የሆቴሉን ጥበቃ ጠየቀ። ጥበቃው በሚችላት እንግሊዝኛ «12 ሰዓት» አለው። እንግዳው ተኝቶ አረፈደ፣ ቁርሱን በላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቦርሳውን አዝሎ መናኸሪያ ደረሰ። አውቶቡሱ አዲስ አበባ ገብቶ ተሳፋሪው ምሳውን በልቷል። ሰዓታችን ንጋት ላይ እንደሚጀምር የሚያስረዳው አንቀጽ በቦርሳው ውስጥ ነበር። መንግሥት በ13 ወር ጸጋ ነው እንግዳ የጠራው፤ ሰዓቱን ማስረዳት ለእኛና ለመጽሐፉ ቀረ።

የከተማ ስምም ሌላ ጣጣ ነው። መጽሐፉ ናዝሬት ይላል፣ ታፔላው አዳማ ይላል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ ሆነዋል። ረዳቱ «ባቱ፣ ባቱ፣ ባቱ» እያለ ሲጠራ አጠገቡ ቆሞ የዝዋይ መኪና የሚጠብቅ ፈረንጅ አይቻለሁ። ለነገሩ ሽማግሌዎቻችንም ዛሬም ዝዋይ ይላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ስም ያልያዘ መጽሐፍ ግማሽ ነው።

አሮጌ መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ ግን አልጥልም። ጣሊያኖች በያዙን ዘመን፣ በ1938 እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ወፍራም የመንገድ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ መንገዱን በየኪሎ ሜትሩ የሚዘረዝር። ሥራውን ሥራ ብዬ አደንቃለሁ። ለማን እንደተጻፈ ግን አይጠፋኝም፤ እንግዳ ሆኖ ለሚመጣ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ ሊኖር ላሰበ ነው። የአክሱምን ሐውልት ነቅለው የወሰዱትም በዚያው ሰሞን ነው። በኋላ የመጡትም መጻሕፍት ለረጅም ዓመታት «ሐውልቱ ሮም ነው» ሲሉ ኖሩ፤ ልክም ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ሐውልቱ ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ እንግዳ አክሱም ላይ፣ 24 ሜትር ድንጋይ ፊቱ ተገትሮ፣ ገጹን እያሳየ «ይሄ ሌላኛው መሆን አለበት» ብሎ ተከራክሮኛል። መጽሐፍ ሲያረጅ አንባቢውንም ይዞት ያረጃል።

ዘንድሮ ስልክ አለ፣ መጽሐፍ ምን ያደርጋል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ይመልሱልኝ። ደግሞ ስልኩ አቋራጭ ይወዳል፤ የፍየል መንገዱን ከአስፋልት አይለይም። አንድ ነገር ላይ ግን መጽሐፉም ካርታውም ዋጋ የላቸውም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ የሚለውን የሚመልስ ገጽ የለም። እኔ የምደውለው ለሰው ነው። ስልኬ ውስጥ «ደሴ ሹፌር»፣ «ወልዲያ ናፍጣ»፣ «ጋሸና ጎሚስታ» ተብለው የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ፤ የአንዳንዶቹን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። «አትምጣ» ካሉኝ እንግዳው የቱንም ያህል ቢከፍል አልነሳም።

እነዚያ ባልና ሚስት ሲሰናበቱኝ መጽሐፉን ትተውልኝ ሄዱ። ዳርና ዳሩን በእርሳስ እሞላዋለሁ፤ የቱ ምግብ ቤት እንደተዘጋ፣ የቱ ድልድይ እንደታደሰ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ። የላሊበላው ገጽ መጻፊያ ቦታ አጥቷል። የሻሸመኔውን ግማሽ ገጽ አንድ ቀን እንደ ልኩ እሞላዋለሁ እያልኩ እስካሁን እንደ ነጣ አለ።

አምና ያ የላሊበላ አስጎብኚ እንግዳ ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። የመጀመሪያው ነው፤ መጽሐፍም ይዟል። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«ወንድምዓለም፣ መጽሐፉ እዚህ ሌባ አለ ይላል፤ እውነት ነው?»

«አሁን የት ነህ?» አልኩት።

«መናኸሪያው በር ላይ።»

«እንግዲያው እውነት ነው። ስልክህን ኪስህ ክተትና ጠብቀኝ፣ መጣሁ።»