ምሳ የበላንባቸው ከተሞች

የጉዞ ማስታወሻ መጻፍ ቀላል ይመስላል። አንድ መኪና፣ ሦስት አራት ወዳጆች፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ፤ የቀረውን መንገዱ ራሱ የሚጽፍልን ይመስለናል። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ በየመጽሔቱና አሁን አሁን ደግሞ በየስልኩ የምናነባቸው የጉዞ ጽሑፎች መብዛታቸውም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። መብዛታቸው ክፋት የለውም። ሀገር ላሳይ ብሎ የተነሣ ጸሐፊ ምስጋና ይገባዋል። ምስጋናውን ካደረስን በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ ለመሆኑ እነዚህ ጽሑፎች የሚያሳዩን ሀገሩን ነው ወይስ ተጓዦቹን?

ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ እንመልከት። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ ወይም በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶና ጂንካ። በዚህ መንገድ ላይ የሚጻፈው ሁሉ አካሄዱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሻሸመኔ ላይ ቁርስ፤ ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ በዳጣ፤ አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ፣ ዓባያና ጫሞ፤ ማሳረጊያው ሐመር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ብዙም ሳይርቅ የምትገኘው ጠበላ፣ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ስሟ አይነሣም። ቢነሣም ጎማ ያስነፋንባት ወይም ውኃ የገዛንባት ተብላ ነው።

የጉዞ ጽሑፋችን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲያሳትሙ የተጓዙት በመልእክተኛነት ነበር። ከሰው ሀገር ለራስ ሀገር የሚበጅ ነገር ይዞ መመለስ ነበረባቸው። ተጓዡ ለአንባቢው ዕዳ ነበረበት ማለት ነው። የዛሬው ተጓዥ ይህ ዕዳ ያለበት አይመስለውም።

ወላይታም ቢሆን ተጓዥ ጸሐፊ ሲያልፍበት የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። በ1887 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ጦሩን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አውጥቶታል። እልቂቱን፣ ምርኮኛውንና የሚነዳውን ከብት በዐይኑ ያየ ሰው በመሆኑ ምስክርነቱ ዛሬም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከጦሩ ጋር መጥቶ ከጦሩ ጋር የተመለሰ ሰው ከዘመቻው በፊትም ሆነ በኋላ የነበረውን ኑሮ ሊያይ አይችልም። የሚያልፍ ሰው የሚያየው የራሱን ጉዞ ያህል ነው።

የፍቅረማርቆስ ደስታ ነገር ከዚህ ይለያል። «ከቡስካ በስተጀርባ» ልብ ወለድ ነው እንጂ የጉዞ ማስታወሻ አይደለም፤ ሐመርን በብዙ አንባቢ ልብ ውስጥ ያስገባው ግን እርሱ ነው። ምስጢሩም ርቆ መሄዱ ብቻ አይመስለኝም። ደራሲው በአንድ አካባቢ ሕይወት ላይ ቆየ፤ በ«ኢቫንጋዲ»ም ወደዚያው ተመለሰ። ዱካውን የተከተሉት የክረምት ተጓዦች የወሰዱት መድረሻውን ነው፤ መቆየቱን አልወሰዱም።

በጓደኛሞች ጉዞ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። አሜሪካዊው ጃክ ኬሩዋክ እ.ኤ.አ. በ1957 «ኦን ዘ ሮድ»ን ካሳተመ ወዲህ በመኪና ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ወዳጆች ታሪክ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። እዚያ ወዳጅነቱ ራሱ የመጽሐፉ ጉዳይ ስለሆነ ያስኬዳል። የእኛዎቹ ግን ሀገር እናሳያችሁ ብለው ጀምረው ማን እንዳንኮራፋ፣ ማን እንዳስመለሰው፣ ማን ሒሳብ ሳይከፍል እንደቀረ ይነግሩናል። ጨዋታው መኪናው ውስጥ ይደምቃል፤ መስኮቱ እንደተዘጋ ሁምቦ ታልፋለች።

ታልፋ ምን ቀረብን? በሁምቦ አንድ ተራራ አለ። ደኑ ከብዙ ዓመት በፊት ተመንጥሮ አልቆ ስለነበር ጎርፉ ከሥሩ ያለውን ማሳና መንደር ያጠቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር ከልለው ደኑን መልሰዋል። የሠሩት በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በመትከል አይደለም። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም ነበር፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጡ፣ የቀረውን እየመለመሉ፣ ከከብት እየጠበቁ አሳደጉት። ይህን ዘዴ በኒጀር ጀምሮ በማስፋፋት የሚታወቀው አውስትራሊያዊ ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የሁምቦውን ደን ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያዙት፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ደኑ ከአየር ከሚያስቀረው ካርቦን 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። የአየር ንብረት ጉዳይ በሚነሣበት የዓለም መድረክ ሁምቦ የታወቀ ስም ነው። በአጠገቡ በአስፋልት በሚያልፈው ተጓዥ ማስታወሻ ውስጥ ግን የለም።

ባለፈው ክረምት እኔም ከሦስት ወዳጆቼ ጋር በዚያ መንገድ አልፌ ነበር። መኪናችን ውስጥ ደጋግሞ የተሰማው ቃል «እንዴት ለምለም ነው!» የሚል ነው። የክረምት ጉዞ ጽሑፎቻችን ሁሉ ይህችን ቃል ይወዷታል። ቃሏ ውሸት አይደለችም፤ የምትደብቀው ነገር ግን አለ። በክረምት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ገበሬው ዓመታት የደከመበት ተራራና ማንም ያልነካው የመንገድ ዳር ሣር አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ለማየት ወይ በበጋ መምጣት፣ ወይ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህም የከፋ አለ። ወላይታ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለው መከራ የሚታወቅበት ሀገር ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ የእያንዳንዱ ቤት መሬት ጠባብ በመሆኑ፣ የበልግ ዝናብ ሲዛባና ስኳር ድንቹ ሳይሳካ ሲቀር፣ ኋላ በመጣው ዝናብ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ጓዳው ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሀገር «ለምለም» ብሎ ማለፍ በተራበ ሰው ደጃፍ ቆሞ አጥሩን እንደማድነቅ ነው።

የጉዞ ጽሑፍ ለመዝናኛ እንጂ ለሪፖርት አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የቶንና የሄክታር ዝርዝር ማንንም አያዝናናም። የሁምቦ ተራራም በአድናቆት ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ተራራው ሲከለል ከብቱን ያሰማራ የነበረው ሰው ወዴት ነዳ? እንጨት ለቅማ ትሸጥ የነበረችው ምን ሸጠች? ከካርቦኑ የመጣው ገንዘብ ለማን ደረሰ? ጥሩ ጸሐፊ ከእነዚህ ከአንዱ ተነሥቶ አንባቢ የማይረሳውን ሰው ሊያገናኘን ይችላል። ከዚህ የሚበልጥ መዝናኛ ደግሞ እኔ አላውቅም።

ስለዚህ የጉዞ ጽሑፍ ሲመዘን አንድ ቀላል መስፈርት ይበቃኛል። ጸሐፊው ከቤቱ ሲነሣ ያላወቀው፣ የከተማይቱ ሰው ሲያነበው ግን «አዎ፣ ይህ የእኛ ነው» የሚለው አንድ ነገር በውስጡ አለ ወይ? ከሌለ ጸሐፊው ተጉዟል፤ አንባቢው ግን ከቤቱ አልወጣም።

ጠበላ ላይ ጎማ ማስነፋት ነውር የለበትም። ጎማው ተነፍቶ እስኪያልቅ ግን ጊዜ አለ፤ ጎሚስታውን ስለ ተራራው መጠየቅ ይቻላል።