ጨርቅ የለበሰ ካርቶን

ቤቱ የስፌት መኪና ያለው ሰው ፌስታል ያውቃል። ዚፑ በአንዱ፣ ላስቲኩ በሌላው፣ ከደንበኛ ቀሚስ የተረፈው ቁራጭ በሦስተኛው ተቋጥሮ አልጋ ሥር ይገባል። አንዲት ጥቁር ዚፕ ስትፈለግ ሁሉም ይፈታል፤ ተመልሶ የሚቋጠረው ግን ግማሹ ነው። እኔ የምሠራው ከመኝታው በመጋረጃ በተለየች ጥግ ላይ ነው። የሠርግ ቀሚሱም የተማሪ ዩኒፎርሙም እዚያው ይሰፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዕቃ መሬት ላይ ከዋለ ሰው መቆሚያ ያጣል፤ ስለዚህ ዕቃዬ ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ፣ ጨርቅ ባለበስኳቸው የካርቶን ሳጥኖች ውስጥ ነው የሚያድረው።

«እንዲያው ለካርቶን ይሄ ሁሉ ድካም?» የምትለኝ ደንበኛ አለች። ጨርቁን ለውበት ያለበስኩት መስሏት ነው። ውበቱ ምርቃት ነው። ባዶ ካርቶን ከመደርደሪያ ሲሳብና ሲገፋ መጀመሪያ አፉ ይላላል፣ ቀጥሎ ማዕዘኑ ይቀደዳል፣ ከዚያ ይጣላል። ጨርቅ ሲለጠፍበት ግን መጎተቱንና መፈተጉን ጨርቁ ይቀበልለታል፤ ለካርቶኑ የሚቀረው ሥራ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው። አገልግል ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ይህ አይጠፋውም። ቅርጹን የሚይዘው የሣሩ ስፌት ነው፤ ከመንገዱና ከትከሻው የሚጠብቀው ግን ከላይ የለበሰው ቆዳ ነው። ቆዳው የተገሸለጠ አገልግል ብዙ አይከርምም።

የካርቶን ምርጫ ላይ ሰነፍ መሆን አያዋጣም። የጫማ ካርቶን ቀጭን ነው፤ ክርና ላስቲክ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አትጫኑበት። እኔ የምወደው አምስት ደስታ የኤ4 ወረቀት የሚመጣበትን ነው። ከአሥር ኪሎ በላይ ተሸክሞ እንዲመጣ ስለተሠራ ወገቡ ጠንካራ ነው፤ ወለሉም ከወረቀቱ ብዙ ስለማይበልጥ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ላይ ልክክ ይላል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲጠየቁ ይሰጣሉ፤ ዋናው ነገር ከቆራሌው ቀድሞ መድረስ ነው። የዘይት ካርቶን አትንኩ። አንዴ ዘይት ከጠጣ ቀስ እያለ በጨርቁ በኩል ብቅ ይላል። የፍራፍሬ ካርቶን ደግሞ የበረሮ እንቁላል ይዞ ቤት ሊገባ ይችላል።

የካርቶኑን ጠርዝ ልብ ብላችሁ ካያችሁት በሁለት ለጥ ያሉ ወረቀቶች መሃል አንድ ሽብሽብ ወረቀት ታገኛላችሁ። ይህ ሽብሽብ ትውልዱ ከልብስ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ሲወጣበት የታሰበው ለረጃጅም የወንዶች ባርኔጣ ውስጥ መደገፊያ ነበር። የዕቃ ማሸጊያነቱ በ1871 አሜሪካ ውስጥ የመጣ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን የሽብሽቡ አቅጣጫ ነው። መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ከቆሙ ግድግዳው ይሸከማል፤ ከተኙ ግን ሌላ ሳጥን ሲደረብበት ወገቡ ይታጠፋል። ስለዚህ ካርቶን ቆርጣችሁ አዲስ ቅርጽ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ዝግጁውን ካርቶን ቁመቱን ብቻ ቀንሶ መጠቀም ግን ሁልጊዜ ይሻላል፤ ፋብሪካው ያጠፈውን ማጠፊያ እጅ አይደርስበትም።

ልኩ የሚወሰነው በሚገባበት ዕቃ ነው። ትልቅ ሳጥን ዕቃ ይውጣል። ከላይ ያለውን እንጂ ከሥር ያለውን ማን ያስታውሰዋል? ቁልፍ ከባድ ስለሆነ ትንሽና ዝቅ ያለ ሳጥን ይፈልጋል። ዚፕ ርዝመቱን ጠብቆ ቢተኛ ደስ ይለዋል። የቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥን ደግሞ ሆን ተብሎ መጥበብ አለበት። ቁርጥራጭ እንደሆነ ቦታ በሰጡት ቁጥር ይበዛል። የእኔ ሳጥን ሲሞላ ከመዳፍ የሚያንሰው ሁሉ ወጥቶ ትራስ ውስጥ ይገባል፤ ይቅርታ የለውም።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ለዚህ ሥራ ከአቡጀዲ የሚበልጥ አላገኘሁም። ሙጫ ይወዳል፣ ሲታጠፍ እሺ ይላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ሳይታጠብ አይነካም። ፋብሪካ ላይ የተቀባው ስታርች ሙጫውን ያርቃል፤ ጨርቁም ርጥበት ሲያገኝ ይሰበሰባልና፣ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ከሚሰበሰብ ሳፋ ውስጥ ቢሰበሰብ ይሻላል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካውያ ተተኩሶ ይምጣ። ሳቲንና የመሳሰሉት የሚያንሸራትቱ ጨርቆች የሙጫውን እድፍ ያሳያሉ። የቲሸርት ጨርቅ ስለሚሳብ ማዕዘን ላይ መልኩ ይጠፋል። ጂንስ ለመያዣና ለሥር ጥሩ ነው፤ አፍ ላይ ግን ሲደራረብ ይወፍራል።

አንዳንድ ሰው ያረጀ ነጠላ ያመጣልኝና «በዚህ ሥሪልኝ» ይለኛል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው ፈትል ስስ ነው፤ ሙጫው ዘልቆ ይወጣና ሲደርቅ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ የካርቶኑ ጽሑፍም በሥሩ ይነበባል። መፍትሔው መጀመሪያ ካርቶኑን ነጭ ወረቀት ወይም አቡጀዲ ማልበስ፣ ነጠላውን ከዚያ በላይ ዘርግቶ አፉና ሥሩ ላይ ብቻ ማጣበቅ ነው። ጥለቱን ከግድግዳው ዝቅ አድርጋችሁ መሃል ላይ አዙሩት። እጅ በሚይዝበት አፍ ላይ የዋለ ወርቅማ ክር ቶሎ ይተረተራል። እውነቱን ለመናገር ደህና ነጠላ ለዚህ ሲቆረጥ እኔ አንጀቴ አይችልም፤ የተቀደደውን ግን አምጡት።

አቆራረጡ ቀላል ሒሳብ ነው። 30 በ22 ሴንቲ ሜትር ወለልና 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሳጥን ዙሪያው 104 ነው። መደራረቢያ 3 ጨምራችሁ 107 ትቆርጣላችሁ። ወደ ላይ ደግሞ የግድግዳው 18፣ ከሥር የሚታጠፍ 3፣ ከአፉ ወደ ውስጥ የሚገባ 5፣ በድምሩ 26። ቁራጩ ቀጥ ብሎ በድሩ ወይም በማጉ ይሂድ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲወጠር ይረዝማል፤ ዙራችሁ ስትጨርሱ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ሙጫን በተመለከተ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይበቃል። ማስቲሽ ጫማ ሠሪ ጋ ይቅር፤ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ የሚከፈት ነገር አይደለም፣ በስስ ጨርቅ ላይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። በዱቄት የሚሠራው ሙጫ ርካሽ ነው፤ ጨርቅም ደህና አድርጎ ይይዛል። ግን ምግብ ነው። በረሮና አይጥ ያለበት ቤት ሳጥኑን ሳይሆን ራት አዘጋጅታችሁ ነው የምታስቀምጡት። ኮላው የሚቀባው ካርቶኑ ላይ ነው እንጂ ጨርቁ ላይ አይደለም። በስሱ፣ በብሩሽ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ በአንድ ጊዜ። ጨርቁን አስቀምጣችሁ በደረቅ ብጣሽ ከመሃል ወደ ዳር ታሻላችሁ። ኮላ የበዛበት ቦታ ሲደርቅ ደረቅ ቅርፊት ይሆናል፤ በዓይን ባይታይ በእጅ ይታወቃል።

መጀመሪያውን ከኋላ ግድግዳ አድርጉት፤ ከማዕዘኑ ጥቂት አልፋችሁ ጀምሩ። ዙሩ ሲያልቅ የመጨረሻው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ የመጀመሪያው ላይ ይደረባል። መገጣጠሚያውን ማዕዘን ላይ የሚያሳርፉ አሉ። ማዕዘን ግን ሁሉ ነገር የሚገጨው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ያለ ጠርዝ ቀድሞ ይነሳል።

አሁን አፉ። የሳጥኑ ዕድሜ ያለው እዚህ ነው፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ውጪውን የዞረው ጨርቅ ከላይ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይተርፋል። ካርቶኑ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው እያንዳንዱ ጎን ከውስጥ ሲለካ ከውጪው በ8 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ አራቱ ጎን ሲደመር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሆን ጨርቅ መግቢያ አጣ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ከገፋችሁት ይህ ትርፍ በየግድግዳው ላይ ይጨማደዳል። ወደ አራቱ ማዕዘን መሰደድ አለበት። ሳጥኑን አቁሙና በእያንዳንዱ ማዕዘን ትይዩ ከላይ ተርፎ የቆመውን ጨርቅ በመቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ሰንጥቁት፤ ግን ከካርቶኑ አፍ 5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ቁሙ። ያቺ 5 ሚሊ ሜትር የካርቶኑን ውፍረት የምትሸፍነዋ ናት። መቀሱ እስከ አፉ ከወረደ በማዕዘኑ ላይ ቡናማው ካርቶን ጥርሱን ያሳያል፤ ያንን መልሶ የሚሸፍን ዘዴ የለም። ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ይቀድማሉ፤ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጫፋቸው ማዕዘኑን ዞሮ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ጥቂት ያርፋል። አጫጭሮቹ ጎኖች ዳር ዳራቸው ወደ ሥር ታጥፎ ከላይ ይደረባሉ። በጥፍር ጀርባ ማዕዘኑ ውስጥ ድረስ ግፉት፤ እስኪይዝ በልብስ መቆንጠጫ ይቆንጠጥ። የሥሩ ማጠፊያ ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቆርጣችሁ አጥፉና ለጥፉ፣ በላዩ ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል።

ብዙዎች እዚህ ላይ «አለቀ» ብለው ያቆማሉ። ውስጡ ራቁቱን የቀረ ሳጥን ግን ኮላው ሲደርቅ ግድግዳው ይጣመማል። የረጠበው ጨርቅ ሲደርቅ ይሰበሰብና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ከወዲያ በኩል የሚስብ ከሌለ አሸናፊው አንዱ ነው። መጽሐፍ ጠራዦች የሽፋኑን ውስጥ ወረቀት የሚያለብሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ለውስጡ አዲስ ሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ስስ ካርቶን እጠቀማለሁ፤ ከእያንዳንዱ ግድግዳ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አሳንሼ እቆርጠዋለሁ፣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ከአፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጫፍ በሥሩ ይደበቃል። ወለሉ መጨረሻ ይገባና ሁሉንም ይቆልፋል። ለገበር ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ። በጥቁር ገበር ላይ የወደቀ ስፒል የሚገኘው በጣት ነው።

መያዣ ካስፈለገ ውስጡ ከመልበሱ በፊት ሁለት ስንጥቅ አውጥታችሁ የተሰፋ የጨርቅ ማንገቻ አሳልፉና ውስጥ በኩል ቋጥሩት። በኮላ ብቻ የተያዘ ማንገቻ አንድ ቀን እጅ ላይ ይቀራል። ክዳን አልወድም። ክዳን ያለው ሳጥን ላዩ ላይ ዕቃ ይቀመጥበታል፤ ዕቃ የተቀመጠበት ሳጥን ደግሞ አይከፈትም። አቧራ የሚያሰጋችሁ ከሆነ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ጽሑፍም አልለጥፍም። በቁልፉ ሳጥን ፊት ላይ አንድ ቁልፍ፣ በዚፑ ላይ አንድ አጭር ዚፕ፣ በክሩ ላይ ትንሽ ዘርፍ ሰፍቼበታለሁ፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅም አምጣ ሲባል አይሳሳትም።

«ለምን አትሸጪውም?» የሚሉኝ አሉ። በአንድ ሳጥን ላይ የሚጠፋው ሰዓት ሲታሰብ ገዢ የሚከፍለው ዋጋ አይሆንም፤ የፕላስቲኩን ዋጋ አይቶ ነው የሚመጣው። ለራስ ቤት ግን ካርቶኑ በነጻ፣ ጨርቁ ከተረፈው፣ ወጪው የኮላ ብቻ ነው። ለወዳጅ ቤት ምረቃ ይዞ መሄድም ያኮራል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የዚህ ሥራ ወር አይደለም። ኮላው በቶሎ አይደርቅም፣ ካርቶኑም ከአየሩ ርጥበት እየጠጣ ይልማል፤ የተጠናቀቀውንም ቢሆን በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት። አሁን ክረምት ከሆነ ካርቶኑን ልቀሙ፣ ጨርቁን እጠቡ፣ ልኩን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ኮላውን ለመስከረም ፀሐይ አቆዩት።