ትልቅ ሞተር የገባለት አሮጌ ፒካፕ እንዴት ይመረመራል?

ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ያለ አሮጌ ሃይሉክስ አይታሰቡም። ከጀልዱ ድንች የሚያወርደው፣ ከጊንጪ ጤፍ የሚጭነው፣ ከአምቦ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚያደርሰው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ በመሥሪያ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ጨረታ ተሽጦ ሦስተኛ አራተኛ ባለቤት እጅ የገባ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪናዎችን ግብር ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሻንሲው ደህና የሆነለት ሰው እንግዲህ መኪናውን ከመለወጥ ሞተሩን መለወጥ ይቀለዋል። ከለወጠም አይቀር፣ በሚበልጥ ሞተር።

እንዲህ ያለ ፒካፕ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው ኮፈኑን አስከፍቶ "ሞተሩ ምንድን ነው?" ይላል። "ፋይቭ ኤል" ከተባለ የዋጋ ንግግር ይጀመራል። ፋይቭ ኤል ግን ብር ያለው ሁሉ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሊያፈላልገው የሚችል ዕቃ ነው። የመካኒኩ እጅ የሚታወቀው ሞተሩ ከገባ በኋላ ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ ምን እንደተደረገላቸው ሲታይ ነው። ጉልበት ሲጨምር ሙቀቱም ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ባለቤቱም ጭነት መጨመሩ አይቀርም። ይህን ሁሉ አስቦ የሠራው ባለሙያና ሞተር ብቻ አስገብቶ ያስረከበው የሚለዩት በቅደም ተከተል ሲመረመር ነው።

ሞተሩ ለምን ተመረጠ?

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በሚስበው አየር ልክ ስለሚያቃጥል ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሃይሉክሱ ቱ ኤል 2446 ሲሲ፣ ትሪ ኤል 2779፣ ፋይቭ ኤል 2986 ነው። ከቱ ኤል ወደ ፋይቭ ኤል ሲሄዱ 22 በመቶ ያህል ብልጫ ይገኛል። ስሌቱ ሲጠቃለል፣ አምቦ ላይ ያለ ፋይቭ ኤል የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ቱ ኤል ከሚስበው ጋር እኩል ለእኩል ነው። ከፍታው የወሰደውን ማስመለሻ ነው ማለት ይቻላል። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ አገጣጠሙ ቀላል፣ መለዋወጫውም በየከተማው የሚገኝ ነው።

ከዚያ በላይ የሚመኝ ሰው ዋን ኬዜድን ያስባል። 2982 ሲሲ ሆኖ ተርቦ ስላለው የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ያስገባል፤ ዳገት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ሆኖም ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ይሰነጠቃል። "ቲኢ" የሚለው ዓይነት ደግሞ የናፍጣ ፓምፑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ በመሆኑ ሽቦው ተቆራርጦ ከመጣ ጣጣው ብዙ ነው። የላንድክሩዘሩ ዋን ኤችዜድ 4164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር ነው። ጠንካራነቱ አያጠያይቅም፤ ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ ሃይሉክስ ውስጥ ለማስገባት ፊት ለፊቱን ማሸጋሸግ፣ የፊት ባሌስትራውን ማጠንከር ይጠይቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ሞተር ነው?" ከሚለው ይልቅ "ይህ ሞተር ለምን?" የሚለው ይሁን። ጥሩ መካኒክ ምርጫውን ከጭነቱና ከመንገዱ አንፃር ያስረዳል፦ "ጋሼ፣ የሚያመላልሱት ከጀልዱ ድንች ከሆነ ፋይቭ ኤል ይበቃዎታል፤ ጌዶ ላይ ቢቆሙም የሚሠራልዎት ሰው አያጡም።" መልሱ "ጉልበት አለው" ብቻ ከሆነ የቀረውን ምርመራ ጠበቅ ያድርጉ።

ከሥር ተኝቶ ማየት

ምንጣፍ ይዘው ይሂዱ። ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማና ብረት ከመጀመሪያው ሥራው የሚለይ ካልሆነ ጥሩ ምልክት ነው። አዲስ መያዣ ከተሠራለት ብየዳውን ይመልከቱ፦ ወጥ ሆኖ በብረቱ ውስጥ የሰረገ ነው ወይስ ከላይ የተለጠፈ? ሻንሲው ላይ በቀጥታ ተበይዶ ዙሪያው ቀለም ያልተቀባ ከሆነ ዝገቱ ከወዲሁ ጀምሯል። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ፍሬን ይዞ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በትንሹ እንዲለቅ ያድርጉ። ሞተሩ ጥቂት ተነስቶ ቢመለስ ደህና ነው፤ ቢዘልና ቢያንኳኳ ጎማው ሞቷል ወይም መያዣው ልክ አይደለም።

ቀጥሎ ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ ይዩ። ብዙ ፋይቭ ኤል የሚወጣው ከሃይኤስ ነው፤ የሃይኤሱ የዘይት መያዣ ቅርጹ ከሃይሉክሱ ይለያል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒካፕ ላይ የፊት አክስሉ በዚያው ሥር ስለሚያልፍ መያዣው መለወጥ አለበት። እዚህ ጋ ነው ቸልተኛው የሚያዘው፦ መያዣውን ለውጦ ዘይቱን የሚስበውን ቱቦ ሳይለውጥ ይተዋል። የቱቦው አፍና የመያዣው ጥልቅ ቦታ ስላልተገናኙ ሜዳ ላይ ምንም አይታይም፤ ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ቱቦው አየር ይስባል፤ የዘይት መብራቱም ብልጭ ይላል። ኩሽኔታው የሚበላው በእንዲህ ያለ ብልጭታ ነው። ሁለቱም አብረው መለወጣቸውን በቀጥታ ይጠይቁ፤ በመያዣው ታች ወይም በአክስሉ ላይ አዲስ ጭረት ካለ ደግሞ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ እየተጋጩ ነው።

ውሃና ሙቀት

አምቦ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወንጪ አናት ላይ በ90። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ያረጀ ከሆነ ራዲያተሩ ቢተልቅም ዋጋ የለውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ጎማውን በጣት ይንኩ፣ የውሃውን ቀለም ይዩ። የዛገ ቀለም ካለው ከወንዝ ተቀድቶ የተሞላ ነው፤ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈበት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ራዲያተሩ ለአዲሱ ሞተር የሚበቃ መሆን አለበት። ቬንቲሌተሩ በራዲያተሩ መሐል ትክክል ተቀምጦ ዙሪያውን የሚከበው ሽፋን መኖሩን ይመልከቱ። ሽፋኑ "አልገጥም ስላለ" ተጥሎ ከሆነ ቬንቲሌተሩ የሚስበው አየር በጎን እየሸሸ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተርሞስታት ማውጣት ነው። "እንዳይሞቅ ብለን አወጣነው" የሚል መካኒክ ችግሩን አልፈታም፣ ሸፈነው እንጂ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ከወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ሙቀቱ ከፍ ይላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ናፍጣ ይበላል።

ሽቦ፣ ናፍጣና ጭስ

ቁልፉን ያዙሩ፣ ግን አያስነሱት። የዘይት፣ የባትሪና የሌላውም መብራት ሁሉ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። የማይበራ መብራት አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል፣ ወይም ለአዲሱ ሞተር ሽቦው ጭራሽ አልተገናኘለትም። የሙቀት መለኪያው መርፌ የማይነቃነቅ ከሆነም እንዲሁ። ሽቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተሰብስቦ፣ ከማርሚታው ቱቦ ርቆ ሲያልፍ ደስ ይላል፤ በቴፕ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ሽቦ በክረምት ጉድ ያፈላል። ከላንድክሩዘር የወጣ ሞተር ከሆነ ሞተሪኖው የ24 ቮልት አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ለማስነሳት ጠዋት ይሂዱ፤ ከመነሳቱ በፊትም ሞተሩን በእጅ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ይወቁ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ምክንያት አለው። ሲነሳ ጥቂት ነጭ ጭስ ያልፍለታል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፓምፑ ለቆላ እንደተለካ ቀርቷል፦ አየሩ ቀንሶ ናፍጣው አልቀነሰም። ጥሩ ሠሪ ፓምፑን ለዚህ ከፍታ ያስለካል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ይክፈቱ፤ በኃይል እየተነፈሰ ጭስ ከወጣ ከውስጥ አርጅቷል። እነዚህ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ናቸው፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ሞተሩ ውጭ ተቀምጦ ሳለ ቺንጋውን መለወጥ የጥቂት ጊዜ ሥራ ነበር። ያንን ያላደረገ ሰው ሌላውንም አላደረገም ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም።

ጉልበቱ ጎማ እስኪደርስ

ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ የአዲሱ ሞተር ይሁኑ። ዋን ኬዜድ የሚመጣው አር 150 ወይም አር 151 ከሚባለው ካምቢዮ ጋር ነው፤ በአሮጌው ካምቢዮ ላይ ከተጫነ ማርሹ ዕድሜ አይኖረውም። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን ሦስተኛ ማርሽ ይዘው ዳገት ላይ ነዳጅ ይስጡት፤ የሞተሩ ድምፅ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልወጣ እየተንሸራተተ ነው።

ዲፈረንሻሉ ላይ የአዋቂ ሥራ ይለያል። የሃይሉክስ ጥርስ ልኬቱ 4.1፣ 4.3፣ 4.556፣ 4.875 እያለ ይለያያል። ለደካማ ሞተር የተሰጠው 4.875 ለትልቁ ሞተር አይመቸውም፤ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ያለ ጥቅም ይጮኻል። ወደ 4.1 ወይም 4.3 የለወጠ ባለሙያ ገንዘቡን አውጥቷል፣ ዋጋውም ይገባዋል። ነገር ግን የኋላውን ለውጦ የፊቱን ከተወ መኪናው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው፦ ጭቃ ውስጥ ሁለቱ ሲያያዙ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ይታገላሉ፣ በመጨረሻም አንዱ ይሰበራል። ኮረኮንች ላይ ሁለቱንም አያይዘው ቀጥ ብለው ይንዱ፤ ከተጨናነቀ አይግዙ። የፍጥነት መለኪያውንም ከስልክ ጂፒኤስ ጋር ያስተያዩ፤ ጥርሱን ለውጦ መለኪያውን ያልነካ ብዙ ነው። በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ወለሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ የሚያዞረው ዘንግ ተቆርጦ ሚዛን አልጠበቀም፣ ወይም ክሮቸራው አንግሉን ስቷል።

ማቆም

እዚህ ጋ ምንም ምሕረት አይገባም። የናፍጣ ሞተር የፍሬኑን ረዳት የሚያሠራው ዲናሞው ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ የአየር መሳቢያ ፓምፕ ነው፤ እሷም ከሞተሩ በሚመጣ ዘይት ነው የምትለሰልሰው። ሞተር ሲለወጥ ዲናሞው ይለወጣል፣ ቱቦዎቹም ይነካሉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪደነድን ደጋግመው ይርገጡ፤ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ካልወረደ ረዳቱ አይሠራም፤ ቀርፋፋ ከሆነ ቱቦው አየር ያስገባል። የፊት ፍሬን ሸራው፣ የኋላው ሲሊንደርና የባሌስትራው ሁኔታም በዚያው ይታዩ።

መንገድ ላይ

ከአምቦ ወደ ወንጪ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ2100 ሜትር ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ ያወጣል። ጭነት ይዘው ይውጡ። አናት ላይ ሲደርሱ አያጥፉት፤ ቆሞ እንዲሠራ ይተውት። የሙቀት መርፌው ባለበት ከቆየ ማቀዝቀዣው በቅጡ ተሠርቷል። ለቁልቁለቱ ደግሞ ከጌዶ ወደ ባኮ ይሂዱ፤ ባኮ 1650 ሜትር ላይ ናት። ማርሽ ቀንሰው በሞተሩ እየያዙ ይውረዱ፦ ማርሹ ካልዘለለ፣ ከታች ሲቆሙ የፍሬን ሸራ ሽታ ካልመጣ፣ መኪናው ጉልበቱን ይችለዋል።

ሊብሬው

ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በባትሪ አብርተው ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚመዘገበው መኪና በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ይታወቃል፤ ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልተለወጠ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ጣጣው የእርስዎ ነው። የሞተሩ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ይጠየቅ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ከመሰለ፣ ሥራው ምንም ቢያምር፣ ይተውት።

ዋጋውን ሲወስኑ

ጉድለት ሁሉ እኩል አይደለም። የተንዛዛ ሽቦ፣ የተሳሳተ የፍጥነት መለኪያ፣ የጎደለ የቬንቲሌተር ሽፋን፣ የወጣ ተርሞስታት የሚስተካከሉ ናቸው፤ ዋጋ ይቀነስባቸዋል። በስንፍና የተበየደ ሻንሲ፣ የማይመሳሰል ዲፈረንሻል፣ የማይሠራ የፍሬን ረዳትና የማይገጥም የሞተር ቁጥር የሚያስመልሱ ናቸው። ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ ከሞተሩ ጋር አብረው ያደጉለት ፒካፕ ሲገኝ ሻጩ የጠራው ዋጋ ከፍ ቢልም ብዙ አይከራከሩ፤ ያ ገንዘብ ወጥቶበታል። ሞተሩ ብቻ የተለወጠለትን ግን የአሮጌ ፒካፕ ዋጋና የአንድ ያገለገለ ሞተር ዋጋ ደምረው ይገምቱት፤ ከድምሩም ለሚቀረው ሥራ የሚያወጡትን ይቀንሱ።